ሲጃራ ለማቆም የሚሻ ምእመን ሲመጣ፦ መድኃኒት፣ ምክር፣ ጾምና ጠበል

በዚህ ዓመት በኅዳር ወር፣ ጾመ ነቢያት በገባበት ሳምንት፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሄድሁት ስለ ምንጭ ማጎልበት ሥራ ለመነጋገር ነው። ዋናው አጀንዳ ካለቀ በኋላ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ገንዘብ ያዡ አንድ ማመልከቻ አነበቡ። አመልካቹ ከቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች እየጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሲጃራ ለማቆም ሦስት ጊዜ ቃል ገብቶ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ተመለሰበት ራሱ ጽፏል። አሁን ሐኪም ሳንባው መጎዳቱን ነግሮት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን መድኃኒት ተጠቅሞ እንዲያቆም መክሮታል። በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ጠይቆ አላገኘም፤ አዲስ አበባ ያገኘው ደግሞ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። «ከነዳያን መርጃው ሣጥን እናግዘው ወይስ በጾምና በጠበል ይበርታ እንበለው?» ሲሉ ገንዘብ ያዡ ጉባኤውን ጠየቁ።

አንድ አረጋዊ ቄስ «ኃጢአትን በኪኒን መተው አለ እንዴ?» አሉ። ከወጣቶቹ አባላት አንዱ ደግሞ «በራሱ ገንዘብ የገዛውን ሱስ በነዳያን ገንዘብ ልናስወጣለት ነው?» አለ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ዲያቆን፣ ከልማት ኮሚሽን የመጣችሁት እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉኝ። ስለ ምንጭ ማጎልበት ብዙ መናገር እችል ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ተዘጋጅቼ አልመጣሁም። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጥንቼ ለመመለስ ቃል ገባሁ። ከዚህ በታች ያለው ያን ጊዜ ለጉባኤው ያቀረብሁት ነው፤ ሌሎች አጥቢያዎችም ይህ ጥያቄ እንደሚገጥማቸው ስለማምን ጥቂት አስፍቼዋለሁ።

የሚያስረውና የሚገድለው

ጭሱ በተሳበ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ኒኮቲን የተባለው ንጥረ ነገር አንጎል ይደርሳል፤ የእርካታና የመነቃቃት ስሜት የሚሰጡ ኬሚካሎችም እንዲመነጩ ያደርጋል። ነገር ግን በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። በ2 ሰዓት ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ የለመደው አንጎልም ሌላ ይጠይቃል። ካላገኘ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና ድብርት ይከተላሉ። እነዚህ ስሜቶች ሲጃራው በቆመ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳሉ፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜም እየቀለሉ ይሄዳሉ። እንግዲህ በሦስተኛው ቀን የተመለሰ ሰው ቃሉን የናቀ ሰው ነው ከማለታችን በፊት የወደቀው ሸክሙ እጅግ በከበደበት ቀን መሆኑን እናስታውስ።

ካህናት አባቶቻችን በተለይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አንድ ልዩነት አለ። ሰውን የሚያስረው ኒኮቲን ነው፤ የሚገድለው ግን በአብዛኛው ጭሱ ነው። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። በማጣበቂያ ወይም በማስቲካ መልክ የሚሰጠው የኒኮቲን መድኃኒት ማሰሪያውን በጥቂቱ አቆይቶ ጭሱን ያስወግዳል፤ ከዚያም ማሰሪያውን ራሱን ቀስ በቀስ ያላላል። ኒኮቲን ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ለሕፃናት መርዝ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴትና የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም።

በዚሁ አጋጣሚ ሱረትን አንርሳ። ሲጃራ ትቶ ወደ ሱረት የዞረ ሰው «አቁሜአለሁ» ሲል እንሰማለን። ጭሱ ቢቀርለትም ኒኮቲኑ ያው ነው፤ ሱረትም የራሱ ጉዳት አለው። ጋያም እንዲሁ ነው፤ ጭሱ በውኃ ውስጥ በማለፉ አይነጻም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 5ቱ የትምባሆ ተጠቃሚዎች ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወንዶች 8 በመቶ ያህሉ፣ ከሴቶች ደግሞ ከ2 በመቶ ያነሱት ማለት ነው። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ለዚህም የሃይማኖት አባቶች ትምህርት ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። ያው ትምህርት ግን ሌላም ነገር አስከትሏል።

ስለ ውግዘትና እፍረት

ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው የሚለውን ትረካ ያልሰማ የአብነት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። አርዮስ የኖረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ትምባሆ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል ሲሆን ወደ ቀረው ዓለም የወጣው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ስለዚህ ትረካው የቅጠሉን ክፉነት ለማስተማር የተነገረ ምሳሌ እንጂ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም። ይህን የምጽፈው የአባቶችን ትምህርት ለማቃለል አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ይህን በታሪክ መጽሐፉ አንብቦ «ይህ ስሕተት ከሆነ ስለ ሳንባውም ያሉት ስሕተት ነው» እንዳይል ነው። ሳንባን ስለመጉዳቱ ያለው ማስረጃ ትረካ አያስፈልገውም።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው እንደከለከሉና በሚያጨሱት፣ ሱረትም በሚስቡት ላይ ከባድ የአካል ቅጣት እንደወሰኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። (ከዚያ ወዲህ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል አቋቋመ፤ የዚያ ድርጅት ወራሽ የሆነው ፋብሪካም ከ70 በመቶ በላይ ድርሻው ዛሬ የጃፓን ኩባንያ ነው። ነገሩ ሩቅ ተጉዟል።) ቅጣቱ ያጫሾቹን ቁጥር ምን ያህል እንደቀነሰ መመዘን ባይቻልም፣ ቅጣትና ውግዘት ምን እንደሚያስተምሩ ግን በየአጥቢያችን እናያለን፤ መደበቅን ያስተምራሉ። የሚያጨስ ምእመን ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ይሸሻል፤ መስቀል ለመሳለም ሲቀርብ እንዳይሸት ይሳቀቃል፤ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ይተዋል። የተደበቀን ሰው ደግሞ መካሪም ሐኪምም አያገኘውም። ያ ሹፌር ማመልከቻውን በገዛ እጁ መጻፉ ብቻ ትልቅ ነገር እንደሆነ ለጉባኤው የተናገርሁት ስለዚህ ነው።

በፈቃድ ብቻ

ብዙዎች ሲጃራን ያቆሙት ያለ ማንም እርዳታ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ካቆመ ሰው ጀርባ ሞክረው የተመለሱ ብዙዎች አሉ። ያለ መድኃኒትና ያለ ምክር ጥርሳቸውን ነክሰው ከሚያቆሙ 100 ሰዎች መካከል ስድስት ወርና ከዚያም በላይ የሚጸኑት ከ3 እስከ 5 ያህል ብቻ ናቸው። ሰውዬው ሦስት ጊዜ መውደቁ እንግዲህ የተለመደው ነገር በእርሱም ላይ መድረሱ ነው፤ ልዩ ድካም አይደለም።

ፈቃድ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም፤ ያለ እርሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በተለይ አንድ ቀን ቆርጦ ሙሉ በሙሉ ማቆም ይሻላል ወይስ ቀስ በቀስ መቀነስ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ አገር የታተመ፣ 697 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሁለቱን አነጻጽሯል። ሁሉም ምክርና የኒኮቲን መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ከአራት ሳምንት በኋላ በአንድ ቀን ካቆሙት 49 በመቶ፣ ለሁለት ሳምንት እየቀነሱ ካቆሙት ደግሞ 39 በመቶ ያህሉ ጸንተው ተገኙ። ከስድስት ወር በኋላ 22 በመቶና 15.5 በመቶ ሆኑ። ቀን ቆርጦ ማቆሙ የተሻለ ነው። «በቀን ሁለት ብቻ» እያሉ ዓመታት የሚቆዩ ሰዎችን ለምናውቅ ይህ አያስገርምም።

ምክርና ክትትል

የዓለም ጤና ድርጅት በአዋቂዎች ትምባሆ ማቆም ላይ የመጀመሪያውን የሕክምና መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ነው። በዚያም የጤና ባለሙያ ለሚያጨስ ሰው ሁሉ ከ30 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ምክር በመደበኛነት እንዲሰጥ፣ ለሚፈልግ ደግሞ ጠለቅ ያለ ምክር እንዲቀርብለት ይመክራል። መመሪያው ስለ ንስሐ አባት አይናገርም። ነገር ግን በገጠሩ ምዕራብ ጎጃም አንድን ገበሬ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚያገኘው ማን ነው? ሐኪሙ ነው ወይስ የንስሐ አባቱ? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ምክር ሲባል ግሣጼ ማለት አይደለም። ካህኑ መጀመሪያ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች አሉ፤ በሕክምናውም የሱሱ ክብደት የሚመዘነው በእነዚሁ ነው። «በቀን ስንት ፍሬ ታጨሳለህ?» እና «ጠዋት ከእንቅልፍህ ከነቃህ በኋላ የመጀመሪያውን የምታጨሰው ስንት ቆይተህ ነው?» በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያጨስ፣ በተለይም ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ ሰው፣ ሱሱ የከበደ ነው፤ መድኃኒት የበለጠ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ ብቻ የሚያጨስ ወጣት ግን ከማጣበቂያ ይልቅ ሌላ የመዋያ ቦታና ሌላ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ገንዘብም ማባከን፣ ሰውም ማጣት ነው።

ቀጥሎ የሚያቆምበት ቀን ይቆረጣል። የትኛው ሰዓት፣ የትኛው ቦታ፣ የትኛው ሰው ሲጃራውን እንደሚያስታውሰው ይነጋገራሉ። የእኛ ሹፌር ሦስት ነገሮችን ጠቀሰ፦ ከቡና በኋላ፣ ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ ሲመጣበት፣ ፍተሻ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ። ድንገት የሚመጣው ምኞት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይቆይም። በዚያች ደቂቃ ውኃ መጠጣት፣ ከመኪናው ወርዶ መዞር፣ ቅርንፉድ ወይም ዝንጅብል አፍ ውስጥ መያዝ፣ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ይረዳል። ቅርንፉዱ መድኃኒት ሆኖ አይደለም፤ አፉም እጁም ሥራ እንዳይፈቱ ነው። በምትኩ ጫት ያዘ ማለት ግን አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ ነው፤ ብዙዎችን ወደ ሲጃራው የሚመልሳቸውም ጫቱ ነው።

ስለ ቡና አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፤ ባለሙያዎች እንኳ ሁልጊዜ አያነሡትም። የሲጃራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሰውየው ማጨስ ሲያቆም ካፌይኑ በደሙ ውስጥ ከቀድሞው የበለጠ ይቆያል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እንደ ልማዱ ሦስቱን የጠጣ ሰው ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ እርሱ ግን «ሲጃራ ማቆሜ ነው እንዲህ ያደረገኝ» ብሎ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ መቀነስ ዋጋ የማያስወጣ ምክር ነው።

መድኃኒቶቹ

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አራት ዓይነት መድኃኒቶችን ይመክራል፦ የኒኮቲን ምትክ፣ ቡፕሮፒዮን፣ ቫረኒክሊንና ሳይቲሲን። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ከ300 በላይ ጥናቶችን አነጻጽሮ ያወጣው ውጤት በቀላሉ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ያለ መድኃኒት ወይም መድኃኒት የሚመስል ባዶ ኪኒን ወስደው ከሚሞክሩ 100 ሰዎች 6 ያህሉ ጸንተው ያቆማሉ። አንድ ዓይነት የኒኮቲን ምትክ ወይም ቡፕሮፒዮን የሚወስዱ ከሆነ 9 ያህሉ፣ ማጣበቂያውን ከማስቲካው ጋር አዳብለው ከወሰዱ 12 ያህሉ፣ ቫረኒክሊን ወይም ሳይቲሲን ከወሰዱ 14 ያህሉ ያቆማሉ።

ይህን ቁጥር ለጉባኤው ባነበብሁ ጊዜ ገንዘብ ያዡ «ታዲያ ከ100 ሰዎች 86ቱ በመድኃኒትም አያቆሙም ማለት ነዋ!» አሉ። ልክ ናቸው። መድኃኒት ዕድልን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ዋስትና ግን አይደለም። መድኃኒትና ምክር ሲጣመሩ ከተለመደው አጭር ምክር ወይም ከተራ ክትትል ጋር ሲነጻጸሩ የሚያቆሙትን ሰዎች ቁጥር ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚያስጠጉ በሌላ ንጽጽር ታይቷል። ስለዚህ ጥያቄው «መድኃኒት ወይስ ምክር» ተብሎ ሲቀርብ አቀራረቡ ራሱ ይሳሳታል። ምክሩ ለሁሉም ነው፤ መድኃኒቱ ከምክሩ ጋር ሱሱ ለከበደበት ይጨመራል። መድኃኒቱ ባይገኝ ደግሞ ምክሩ ለብቻውም ቢሆን ከባዶ ፈቃድ ይሻላል።

እያንዳንዱን መድኃኒት በአጭሩ ላውሳ፤ ማዘዝ ግን የሐኪም ሥራ ነው። ቫረኒክሊን በአንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚያርፍበትን ቦታ በከፊል ይይዛል፤ ምኞቱን ይቀንሳል፣ ቢያጨስም እርካታውን ያጠፋል። ከሚያቆምበት ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይጀመርና ብዙ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል። ማቅለሽለሽና እንግዳ ሕልም ያመጣል። አእምሮን ያውካል የሚል ሥጋት ለብዙ ጊዜ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ግን ይህን ሥጋት ሳያረጋግጠው ቀርቷል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከአንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋርም ስለሚጋጭ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይቀር። ሳይቲሲን ከአንድ የዛፍ ዘር የሚወጣ ሲሆን በቡልጋሪያ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

ማጣበቂያው በቀን ከ10 ፍሬ በላይ ለሚያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ በ21 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ለ6 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በ14 ለ2 ሳምንት፣ በ7 ለ2 ሳምንት እየተቀነሰ ይቆማል። በየቀኑ ቦታ እየቀየሩ በንጹሕና በደረቅ ቆዳ ላይ መለጠፍ ነው። ያገለገለውን ታጥፎ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መጣል ያስፈልጋል፤ በውስጡ ኒኮቲን ይቀራልና። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ጥቂት ታኝኮ መለብለብ ሲጀምር በጉንጭና በድድ መካከል ይቀመጣል፣ ደግሞ ይታኘካል። ከቡና በኋላ ወዲያው ከተወሰደ በደንብ አይሠራም።

ለሹፌራችን ሐኪሙ ማጣበቂያውን ለምን እንደመረጠለት ገባኝ። ቫረኒክሊን በመጀመሪያ ቀናት ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሊያስከትል ስለሚችል መሪ ለሚጨብጥ ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል።

ኤሌክትሮኒክ ሲጃራን በተመለከተ፣ በውጭ አገር ሰዎች ሲጃራ እንዲያቆሙ እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። በአገራችን ግን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ ምክራችን ውስጥ ቦታ የለውም። አኩፓንክቸርና የመሳሰሉት አስተማማኝ ማስረጃ ስላልቀረበላቸው አልፌአቸዋለሁ።

ጾም፣ ጠበልና ማጣበቂያ

ወደ አረጋዊው ቄስ ጥያቄ ልመለስ። የመጽሐፈ ሲራክ 38ኛ ምዕራፍ የታመመ ሰው እንዲጸልይና ከኃጢአት እንዲመለስ ይመክራል፤ ወዲያውም ለባለ መድኃኒቱ ቦታ እንዲሰጥ ያዝዛል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑንም ያስተምራል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የሰጠው ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም። ይህ ክርክር በእኛ ዘመንም ተነሥቶ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት ሲጀምር በእንጦጦና በሌሎች ጠበል ቦታዎች መድኃኒቱን ጥለው የሚጠመቁ ብዙዎች ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና ሕሙማን ሁለቱንም እንዲይዙ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ለሲጃራም ቢሆን ከዚያ የተለየ መርሕ የምንፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። አረጋዊው ቄስ ይህን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ማጣበቂያውን ለጥፎ ይጠመቅ» አሉ። (ማጣበቂያው ውኃን ይችላል፤ ከተነሣ ግን በሌላ ይተካል።)

ጾም ትልቅ አጋዥ ነው፤ ጊዜው በደንብ ከታሰበበት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመግቢያው ያቆመ ሰው ከባዱን የመጀመሪያ ወር የሚያሳልፈው ጎረቤቱ ሁሉ በሚጾምበት፣ መጠጥ ቤቱም በቀዘቀዘበት ወቅት ነው። አደጋው ፋሲካ ላይ ነው። ጠላው፣ አረቄው፣ ለረጅም ጊዜ ያልታየው ጓደኛ ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣል። ከላይ እንደተቆጠረው የማጣበቂያው ጊዜ 10 ሳምንት ነው፤ ጾሙ ግን 8 ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ያበቃል። ስለዚህ «ጾሙ ተፈታ፣ እኔም ዳንሁ» ብሎ በፋሲካ ዋዜማ ማጣበቂያውን የሚያወልቅ ሰው የሚያወልቀው በጣም በሚያስፈልገው ቀን ነው።

ጾሙና መድኃኒቱ የሚጋጩበትም ቦታ አለ። ቫረኒክሊን የሚወሰደው ከምግብ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ነው፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን እንዴት ይውሰድ? ማስቲካውስ ጾም ያፈርሳል? እነዚህን የሚወስነው እኔ ወይም ሐኪሙ ሳንሆን የንስሐ አባት ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ካህኑ ጥያቄውን ሳይጠየቅ ያንሣው። ብዙዎች ጾም ገባብን ብለው ለማንም ሳይነግሩ መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። ማጣበቂያው በአፍ ስለማይገባ በዚህ በኩል ቀላሉ እርሱ ነው።

የገንዘቡ ነገር

«በራሱ ገንዘብ የገዛውን ሱስ» ላለው ወጣት መልስ ለመስጠት አብረን ሒሳብ ሠራን። ሹፌሩ በቀን 20 ፍሬ ያጨሳል፤ በዓመት 7,300 ፍሬ ማለት ነው። የአንዱን ፍሬ ዋጋ ወጣቱ ራሱ አባዛው፤ ውጤቱን ሲያይ ዝም አለ። የ10 ሳምንቱ ማጣበቂያ ውድ ቢሆንም የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ ሰውየው የአራት ልጆች አባት ነው። በእንግሊዝ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመት የተካሄደው ታዋቂ ጥናት በ40 ዓመቱ ገደማ ያቆመ ሰው 9 ዓመት ያህል፣ በ50 ያቆመ ደግሞ 6 ዓመት ያህል ዕድሜ እንደሚያተርፍ አሳይቷል። እርሱ 43 ዓመቱ ነው።

ሆኖም ከነዳያን ሣጥን በነጻ መስጠቱን እኔም አልደገፍሁም። በፊሊፒንስ ሚንዳናው ደሴት የተሞከረ አንድ ዘዴ አነበብሁላቸው። አጫሾች ለሲጃራ ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ለስድስት ወር በባንክ ያስቀምጣሉ፤ በመጨረሻ ተመርምረው ካቆሙ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ፤ ካላቆሙ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ዘዴውን ከቀረበላቸው ሰዎች የተቀበሉት ከአሥር አንዱ ያህል ቢሆኑም፣ ዕድሉ ከቀረበላቸው መካከል ከዓመት በኋላ አቁመው የተገኙት ካልቀረበላቸው ይልቅ በ3 በመቶ ነጥብ በልጠዋል። ለዕቁብና ለሰንበቴ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉባኤውም እንዲህ ወሰነ፦ የመጀመሪያውን የ4 ሳምንት ማጣበቂያ ከሣጥኑ በብድር ይገዛለት፤ እርሱ ለሲጃራ ያወጣ የነበረውን በየሳምንቱ ለገንዘብ ያዡ ያስቀምጥ፤ ከዚያም ብድሩ ይመለስ፣ ቀሪው ማጣበቂያም ይገዛ። የንስሐ አባቱ በየሳምንቱ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየሁለት ሳምንቱ እንዲጠይቁት፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሲጃራ ያቆመ ሌላ ሹፌርም በመንገድ ላይ ሳለ እንዲደውልለት ተደረገ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ስለነበር አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አደረገ፤ ሲጃራ ለነቀርሳ የመጋለጥን ዕድል ወደ እጥፍ ያሳድጋልና። ነጻ ሆኖ ተገኘ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ አቆመ። በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ማጣበቂያው ለአምስት ቀን ዘገየበት፤ እነዚያን ቀናት ያሳለፈው፣ እንደ ነገረኝ፣ ከዚያ ሌላ ሹፌር ጋር በስልክ እየተጨቃጨቀ ነው። በፋሲካ ማግሥት ቡሬ ላይ ሁለት ፍሬ አጨሰ። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ደውሎ ለንስሐ አባቱ ተናገረ፤ እርሳቸውም «ሁለት ነው እንጂ ሃያ አይደለም፤ ማጣበቂያህን አታውልቅ» አሉት። ካህኑ ይህን ያሉት ከእኔ ጽሑፍ አንብበው አይደለም፤ ሐኪሙም ቢሆን ከዚህ የተለየ አይላቸውም ነበር።

ይህን ስጽፍ ሐምሌ ገብቷል፤ ከፋሲካ ወዲህ አላጨሰም። ክብደት ጨመርሁ ብሎ ያማርራል። ይልቅስ የሚያስቸግረው ረዳቱ ነው። 19 ዓመቱ ነው፤ በጋቢናው ውስጥ ከአጠገቡ ያጨሳል። አዋጁ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጃራ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ልጁ ግን በየማረፊያው ፍሬ በፍሬ ይገዛል። ሹፌሩ «እኔን ያገዛችሁኝን ያህል እርሱንም አግዙት» ብሎ ሌላ ማመልከቻ አስገብቷል። ልጁ ራሱ ገና አልጠየቀም። በነሐሴው ስብሰባ ይህ በአጀንዳ ተይዟል።